በብልቃጡ አፍ አትፍረዱ፦ የዘይት ሽቶ ገላ ላይ ሲደርስ ለምን ይለወጣል?

ሽቶ ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ብልቃጡን ወደ አፍንጫችሁ ሲያስጠጋ የምታሸቱት ዘይቱን ሳይሆን ከዘይቱ በላይ ታፍኖ የቆየውን አየር ነው። በዚያች ጠባብ አንገት ውስጥ የሚከማቹት ከቅይጡ ሁሉ ቀለል ያሉትና ቶሎ የሚተኑት ናቸው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ናና፣ ላቬንደር የሚሸቱት። ከባዶቹ፣ ሰንደሉ፣ ዑዱ (ሙጫ ያዘለ የሽቶ እንጨት)፣ ሚስኩ፣ ከርቤው፣ ገና ከታች ተኝተዋል። በብልቃጥ አፍ ብቻ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ የሚገዛው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ነው። አብሮት የሚውለው ግን ቀሪው ስምንት ሰዓት ነው።

እዚህ የምናወራው በወሎ ብዙዎች ዒጥር ስለሚሉት፣ አልኮል ስለሌለበት፣ በ3፣ በ6 ወይም በ12 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ስለሚሸጠው ሽቶ ነው። (ቁጥሮቹ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ቶላ የሚባል የሕንድ የክብደት መለኪያ አለ፤ 11.66 ግራም ነው። 12ቷ ብልቃጥ አንድ ቶላ፣ 3ቷ ሩብ ቶላ ናት።) የሚረጨው ሽቶ ጠባዩ ሌላ ነው። አልኮሉ ወዲያው ተንኖ ሲሄድ ቀላሎቹን ጠረኖች ይዟቸው ይነሳል፤ ሰው ገና በር ላይ እያለ ሽቶው ቀድሞት የሚገባው ለዚህ ነው። ዘይት እንዲህ አይነሳም። ጠረኑን ይዞ ያስቀምጣል፣ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ከሰውየውም አንድ ክንድ ያህል አልፎ ብዙ አይርቅም።

ይህን ለመረዳት ላብራቶሪ አያስፈልግም። የአደስ ቅጠል በመዳፋችሁ ጨፍልቁና አሽትቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ያው አደስ ቅቤ ውስጥ ገብቶ ፀጉር ሲቀባ ግን ውሎ ያድራል። ቅጠሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ የያዘው ስብ ነው። የዘይት ሽቶ ነገር በሙሉ የቆመው በዚህችው ላይ ነው።

ገላ ላይ የሚሆነው

የቆዳችን ገጽ ሙቀት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ነው። ደሴ ውስጥ ሌሊቱን መስኮት አጠገብ ያደረ ብልቃጥ በጠዋት የዚህን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ጠብታው ገላ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር መሞቅ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ሁሉንም እኩል አያስነሳም። ቀላሎቹ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አብዛኛቸው ያልቃሉ። መካከለኞቹ፣ እነ ጽጌረዳ፣ ጃስሚን፣ ጄራንየም፣ ቅርንፉድ፣ ተከትለው ይወጡና ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያሉ። ሰንደል፣ ዑድ፣ ፓቹሊ፣ ቫኒላና ሚስክ ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ይቀራሉ። ሽቶ ቀማሚዎች እነዚህን ራስ፣ ልብና መሠረት ብለው ይከፍሏቸዋል። ድንበሩ ግን በገመድ የተለካ አይደለም፤ አንዱ እየወጣ ሌላው እየገባ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ነገር ወዝ ነው። ወዛም ገላ ጠረንን እንደዚያ ቅቤ ይይዛል። ደረቅ ቆዳ ዘይቱን መጥጦ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ከላይ የሚተን ነገር ብዙ አይተርፍም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የደሴ ደረቅ ብርድ «ይሄ ሽቶ ዘንድሮ አይቆይም፣ ቀላቅለውበታል» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሻጩ ጥፋት ሳይሆን የቆዳው ድርቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን የስንዴ ፍሬ ያህል መጀመሪያ ቦታውን ቀቡት፣ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ዘይቱን ከላይ አድርጉ።

«የእኔ ቆዳ አሲዱ ስለሚበዛ ሽቶ ይለውጣል» የሚባለው ከሚገባው በላይ የተጋነነ ነው። የጤነኛ ሰው ቆዳ አሲድነት ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ፒኤች ከ4.5 እስከ 6 ባለው መካከል ይገኛል። በዚህች ልዩነት ሰንደል ሎሚ አይሆንም። ሰውን ከሰው የሚለየው ይልቁንስ የወዙ መጠን፣ የገላው ሙቀት፣ ላቡ፣ የታጠበበት ሳሙናና ፀጉሩ ላይ ያለው ቅቤ ነው። ጠዋት ቅቤ የተቀባች ሴት አንገቷ ላይ ቀለል ያለ የአበባ ዘይት ብታደርግ አሸናፊው ቅቤው ነው። ሰንደል ወይም ዑድ ግን ከቅቤ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው ለውጥ ብዙዎችን ጥሩ ዘይት አስጥሏል። አንዳንዱ ዘይት ብልቃጡ ውስጥ ሳለ ይከረፋል። ዑድ ሲከፈት የከብት በረት፣ አንዳንዴም ያረጀ ቆዳ ይሸታል። እውነተኛ ጃስሚን ውስጥ ኢንዶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሲበዛ የሽንት ቤት፣ ሲያንስ የአበባ ነው። የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ የራሳችን ዝባድ ነው። ከጥርኝ የሚወጣው ይህ ቅባት በከብት ቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ ነው። ቀንዱን ከፍቶ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል። በጣም ሲቀጥንና ገላ ላይ ሲሞቅ ግን ክርፋቱ ይጠፋና ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ አበባ ነገር ይሆናል። መዓዛውን የሚሰጠው ሲቬቶን ነው፤ አወቃቀሩን በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ሊዮፖልድ ሩዢችካ የተባለ ኬሚስት ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የዝባድ ጠረን በአብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። እንግዲህ ዑድ፣ ጃስሚን ወይም ዝባድ ያለበትን ዘይት ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳትሰጡት «አስቀያሚ ነው» አትበሉ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተናል

የሽቶ ሱቅ አየሩ ራሱ ሽቶ ነው። እዚያ ቆሞ አሥር ብልቃጥ ማሽተት አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ እንደ መስማት ነው። በአንድ ቀን ከሦስት ወይም ከአራት ዘይት አትለፉ።

ሽፋን የሌለው፣ የማያብለጨልጭ ነጭ ወረቀት በጣት ስፋት ቆርጣችሁ ያዙ። የደብተር ወረቀት ይሆናል፤ የጋዜጣ ወረቀት ግን ቀለሙ ራሱ ይሸታል። ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ንከሩ፣ በሌላኛው ጫፍ የዘይቱን ስም ጻፉ። ወረቀት ወዝም ሙቀትም ስለሌለው ሽቶውን ቀስ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ መሠረቱን ለማየት ከገላ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከወረቀቱ የወደዳችሁትን ሁለቱን ብቻ ወደ ገላ አምጡ፤ አንዱን ግራ እጅ አንጓ ላይ፣ ሌላውን በቀኝ ክርን ውስጥ። ሁለቱን አንድ እጅ ላይ ማድረግ ትርፉ መደናገር ነው።

አንጓን ከአንጓ ማፋተግ ልማድ ሆኗል። «ሽቶውን ይሰብረዋል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ የሚሰበር ነገር የለም። ግን ማፋተጉ ያሞቃል፣ ዘይቱንም በሰፊው ስለሚያሰራጨው የራስ ጠረኑ ቶሎ ይተናል። የምትፈትኑት ያንኑ ራስ ከሆነ ምን ቀራችሁ? ጠብታውን በጣት ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ተዉት።

ከዚያ ሳትከፍሉ ውጡ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቀባችሁ የዘይቱን ራስ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ልቡን 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መሠረቱን ምሳ በልታችሁ 7 ሰዓት ላይ አሽትቱ። ወረቀቱን ማታ ትራስጌ አጠገብ አኑሩትና በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ። በአራቱም ጊዜ የማያስጠላችሁ ዘይት ገንዘቡ ይገባዋል። አንዳንድ ሻጭ «ዛሬ ካልወሰድክ ያልቃል» ይላል፤ ይለቅ።

አፍንጫ ሲደክም የቡና ፍሬ ማሽተት ያነቃል የሚሉ አሉ። ወሎ ውስጥ የቡናን ነገር መቃወም ድፍረት ቢሆንም፣ ቡና ሌላ ኃይለኛ ጠረን ከመሆን ያለፈ ጥቅም የለውም። ደጅ ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብ፣ ወይም ምንም ያልነካውን የራስን ክርን ማሽተት ይበልጣል። ለዚያው ጉዳይ ደግሞ ጭሳጭስ በተጨሰበት የቡና ሥርዓት መሐል ሽቶ አትፈትኑ፤ ሉባንጃው ልብሳችሁ ላይ ስለሚቀመጥ የሽቶውን መሠረት ከእርሱ መለየት አትችሉም።

ለውጡን በዓይን የሚያሳይ ሙከራ

ይህን ለማድረግ 10 ሚሊ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ፣ ከፋርማሲ የሚገኝ መርፌ የሌለው 1 እና 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ጆጆባ ወይም የማይረጋው ዓይነት የኮኮናት ዘይት ያስፈልጋል። አራት ንጹሕ የመዓዛ ዘይቶችም፦ ጠጅ ሳር 1 ጠብታ፣ እጣን 3 ጠብታ፣ ጄራንየም 4 ጠብታ፣ ሰንደል 4 ጠብታ። በጠቅላላው 12 ጠብታ ነው። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ 0.6 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 6 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ ሰንደሉን፣ መጨረሻ ጠጅ ሳሩን ጨምሩ፤ ከዚያ በያዢው ዘይት፣ በጆጆባው ወይም በኮኮናቱ፣ እስከ 10 ሙሉት። አንገቱ ላይ ትንሽ አየር ይቅር። አትናጡት፤ በመዳፍ መሐል አንከባሉት።

ጠጅ ሳሩን አንድ ጠብታ ብቻ ያደረግነው በንፉግነት አይደለም። ሲትራል የሚባለው ዋና ክፍሉ ቆዳን ያስቆጣል፤ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከአንድ ጠብታ ማለፍ የለበትም።

አሁን ብልቃጡን አሽትቱ። ከ12 ጠብታ አንዷ የሆነችው ጠጅ ሳር ብቻዋን ትጮሃለች፤ ሌላው ሁሉ ያልገባ ይመስላል። አንጓ ላይ አድርጉትና ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ጠጅ ሳሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሥሩ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነገር ይወጣል። ይህ እጣኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እጣን አይሸትም» ብሎ ይከራከራል፤ ልክ ነው፣ ጢሱን አይሸትም። የሰሜን ኢትዮጵያ እጣን ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ፍራፍሬ የሚሸት ነገር ነው። እኛ የምናውቀው የእጣን ጠረን ግን ሙጫው ከሰል ላይ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ አይገኝም። አንድ ሰዓት ሲጠጋ ጠጅ ሳሩ ይሰናበታል፤ ጄራንየሙ ጽጌረዳ መስሎ መሐሉን ይይዛል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ክንዳችሁን ብታሸቱ ሰንደል ብቻ ታገኛላችሁ፤ ለስላሳ፣ ወተት ወተት የሚል እንጨት። በብልቃጡ አፍ ላይ ጨርሶ ያልነበረው እርሱ ነው።

ብልቃጡን ጨለማ ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጣችሁ ደግማችሁ ብታሸቱት የመጀመሪያው ጩኸት ረግቦ ታገኙታላችሁ። አዲስ የተቀላቀለ ሽቶ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ክፍሎቹ እስኪዋሐዱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ቫኒላ ያለበት በዚህ ጊዜ ቢጠቁር አትደንግጡ። ቫኒሊን ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፤ የሚያሳስበው ቀለሙ ሳይሆን ነጭ ልብስ ነው።

ሐረጎን ሲወርዱ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በሐረጎ ቁልቁለት በኩል በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ለሽቶ ግን ሁለት አገር ነው። አንዱ ዘይት ደሴ ላይ ያንቀላፋል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይሮጣል።

ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ሎሚና ብርቱካን ያለበት ዘይት ገና ከቤት ሳትርቁ ያልቃል፤ ዑድና ዓምበር ደግሞ በሙቀቱ ተነሥተው አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ያፍናሉ። እዚያ መጠኑ ይቀነስ፤ የብልቃጡ በትር አንዴ የነካው ይበቃል፣ ቦታውም ደረት ላይ ከልብስ ሥር ሳይሆን ነፋስ የሚያገኘው ክንድ ላይ ይሁን። ለቀን ቬቲቨር (ከሣር ሥር የሚወጣ ዘይት)፣ ሰንደል ወይም ቀለል ያለ ሚስክ ይሻላል።

ደሴ ላይ ተቃራኒው ነው። ብልቃጡን ከመቀባታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ በመዳፋችሁ ወይም በደረት ኪሳችሁ አሙቁት። ደረት ላይና በአንገት ጎን፣ ጋቢው ወይም ሹራቡ በሚሸፍነው ቦታ አድርጉት፤ የገላው ሙቀት ከልብሱ ሥር ተጠራቅሞ በአንገት በኩል ይወጣል። ሁለት ጠብታ፣ ቢበዛ ሦስት። ከባዱ ዑድ እዚህ ነው የሚያምርበት።

ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ወጥቶ ሲገዛ በደሴ አፍንጫ አይፍረድ። ቀብቶ ሚኒባስ ውስጥ ይግባ፤ መስኮት ዳር ቢያገኝ ጥሩ ነው። ሐረጎን ጨርሶ ቦርከና ሜዳ ላይ ሲደርስ የሽቶው ልብ ወጥቷል፣ ሙቀቱም የራሱ አገር ነው። ያኔ ያሽት።

ውዱእ የሚያደርግ ሰው አንጓው እስከ ክርኑ በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠባል። ውሃ ብቻ ዘይትን ጠርጎ አይወስድም፤ ግን በየጊዜው ያሳሳዋል። ለጁምዓ የተቀባ ሽቶ እስከ ማታ እንዲቆይ ከተፈለገ ደረትና የአንገት ጎን ነው ቦታው።

ሲበላሽ፣ ሲጠረጠር

*ሻጩ ዘንድ ፈሳሽ የነበረው ቤት ሲደርስ ረጋ።* ተራ የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። በእርሱ የተቀጠነ ሽቶ ደሴ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ረግቶ ነው የሚኖረው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል። የባለኳሱ ብልቃጥ ኳስ አልዞር የሚለውም ለዚህ ነው። እውነተኛ የጽጌረዳ ዘይትም በብርድ ቀጫጭን የመርፌ ቅንጣቶች ይሠራል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ 35 ወይም 40 ዲግሪ፣ አምስት ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል። ምድጃ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ ማቅለጥ ግን የራስ ጠረኑን አጥፍቶ መሠረቱን ብቻ ያስቀራል።

*ከፈትኩት፣ ፈሰሰ።* ከባሕር ጠረፍ የመጣ ብልቃጥ የታሸገው በጠረፉ አየር ግፊት ነው። የደሴ አየር ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ከጅዳ የመጣ ስጦታ ተጋድሞ ሻንጣ ውስጥ ሲከፈት ልብሱን ሁሉ ሽቶ ሽቶ የሚያሰኘው ለዚህ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላሉት፣ አየሩ ሲወጣ ጠብቁና ክፈቱ።

*ቀጥኗል ወይ?* ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርጎ የቅባት ቀለበት ካስቀረ «የምግብ ዘይት ነው» የሚል ሙከራ አለ። በከፊል ብቻ ይሠራል፤ ሰንደልና ዑድም ለቀናት ቀለበት ያስቀራሉ። የተሻለው የውሃ ብርጭቆ ነው። ከላይ ዓይን ሠርቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ በዘይት የተያዘ ነው። ወደ ነጭ ደመና የሚለወጥ ከሆነ ዲፒጂ በሚባለው ከውሃ ጋር በሚዋሐድ ፈሳሽ ወይም በአልኮል የቀጠነ ነው። ዲፒጂ ሽቶ ሠሪዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነገር ስለሆነ መኖሩ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው «ንጹሕ» ተብሎ በንጹሕ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

*ኮመጠጠ፣ ቀለም ቀለም አለ።* ያረጀ የኑግ ዘይት የሚሸት ከሆነ የተበላሸው ያዢው ዘይት ነው፤ የሱፍ ዘይትና የመሳሰሉት ከአየር ጋር ሲገናኙ ይበላሻሉ። የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ከሆነ የሎሚና የብርቱካን ክፍሉ ከአየር ጋር ተዋሕዷል። ይህኛው ጠረኑን ከማበላሸቱም በላይ ቆዳ የሚያሳክኩ ነገሮች ስለሚፈጥር ይጣል። ሰንደል፣ ፓቹሊ፣ ቬቲቨርና ዑድ ግን ሲቆዩ ይጣፍጣሉ። ከትልቅ ብልቃጥ ግማሹን ከተጠቀማችሁ ቀሪውን ወደ ትንሽ መስታወት አዙሩት፤ ጠላቱ ከላይ ያለው ባዶ አየር ነው። ላስቲክ ጠብታ መምጠጫ ያለው ክዳንም ለማከማቻ አይሆንም፤ ዘይቱ ላስቲኩን ያላሽቀዋል።

*ቀብቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም አይሸተኝም።* ሌላ ሰው ይጠየቅ። አፍንጫ አጠገቡ የዋለን ጠረን በደቂቃዎች ውስጥ መስማት ያቆማል። ከዚህ ሌላ ትላልቅ የሚስክ ሞለኪውሎችን ጨርሶ የማያሸቱ ሰዎች አሉ፤ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። አደጋው እነዚህ ሰዎች «ጠፋ» እያሉ ደጋግመው መጨመራቸው ነው፤ የሚያውቀው አብሯቸው ታክሲ ውስጥ ያለው ነው።

*አሳከከኝ፣ ጠቆረ።* ማንኛውንም አዲስ ዘይት መጀመሪያ የክንድ ውስጥ ላይ የምስር ፍሬ ያህል አድርጎ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው። የቀረፋና የቅርንፉድ ዘይት የብዙ ሰው ቆዳ ያስቆጣሉ። ተጨምቆ የወጣ ቤርጋሞት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ የሽቶ ኢንዱስትሪው ዓለም አቀፍ ደንብ ገላ ላይ በሚቀር ነገር ውስጥ ከ0.4 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም። ጤና አዳምም ይህንኑ ያደርጋል፤ በእጁ ጨፍልቆ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበልጥ ስለሚፋጅ ደሴ ላይ እነዚህን ከልብስ ሥር ካልሆነ በቀን አለመቀባት ነው። አዲስ የተላጨ ፊት ላይም፣ ሕፃን ላይም አይደረግም።

*ነጠላዬን አቆሸሸው።* ዘይት ሽቶ ለጥጥ ነጭ ልብስ አይመችም። ልብስ ላይ ማድረግ ካስፈለገ የሻሽ ወይም የጋቢ ጠርዝ ውስጠኛው ገጽ ላይ፣ ያውም ጠብታውን ጣት ላይ ካሳሱ በኋላ ይሁን። ከፈሰሰ ወዲያው ታልክ ፓውደር ወይም ዱቄት ነስንሳችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ አራግፉት፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀጥታ አሹበት፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። ሳይለቅ አይተኮስ፤ ካውያ ከነካው በኋላ ቢጫው ቀለበት እምብዛም አይወጣም።